ጎንደር የተቀመጡት ሚሲዮናዊና የኢየሩሳሌሙ አንግሊካን ጳጳስ አንድ ሰው ናቸው?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ዘመነ መሳፍንት ሳነብ ሳሙኤል ጎባት የሚባሉ ፈረንጅ ጎንደር ተቀምጠው ከሊቃውንቱ ጋር ይከራከሩ እንደነበር አገኘሁ። ስለ ኢየሩሳሌሙ ገዳማችን ስለ ዴር ሱልጣን ሳነብ ጎባት የሚባሉ የኢየሩሳሌም አንግሊካን ጳጳስ ገጠሙኝ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሠሪዎች ሳነብ ይኸው ስም ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው? ከሆኑስ የስዊስ ተወላጅ እንዴት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ይሆናል? ደግሞስ ወዳጃችን ነበሩ ወይስ ጠላታችን?»

አዎን፣ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ ሲነሣም ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የጎባት ታሪክ በሁለት ተቆርጦ ነው የሚነገረው። አውሮፓውያን የኢየሩሳሌሙን ጳጳስ ሲጽፉ የኢትዮጵያን ዘመናቸውን እንደ ወጣትነት ጉዞ በሁለት መስመር ያልፉታል። እኛ ደግሞ የጎንደሩን እንግዳ ካነሣን በኋላ ወዴት እንደደረሱ አንጠይቅም። በእኔ እምነት ሁለቱን ክፍል የሚያያይዘው ገመድ ኢትዮጵያ ናት። ጎባት በኢየሩሳሌም የሠሩት መልካሙም ሆነ የጎደለው ሥራ አብዛኛው ዐድዋና ጎንደር ላይ ከተማሩት የመጣ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ይያዙልኝ።

ጎባት የተወለዱት በጥር 26 ቀን 1799 ክሬሚን በምትባል ትንሽ መንደር፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የስዊስ ጁራ ተራራማ አገር ነው። በባዝል ከተማ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን አቅንተው ዐረብኛና ግእዝ አጠኑ። የባዝል ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ሰው ያሠለጥን ነበር፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ደግሞ ገንዘብና መርከብ እንጂ ሩቅ አገር ለመሄድ የሚፈቅድ እንግሊዛዊ በበቂ አልነበረውም። ስለዚህ ከባዝል የወጡ ጀርመኖችና ስዊሶች በእንግሊዝ ማኅበር ስም ይላኩ ነበር። ኢዘንበርግም ክራፕፍም በዚሁ በር ነው ወደ አገራችን የገቡት። «የስዊስ ሰው እንዴት» ለሚለው ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

በ1826 ከጓደኛቸው ከክርስቲያን ኩግለር ጋር ግብጽ ደረሱ፤ ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ የሚያሻግር መንገድ ሳያገኙ ሦስት ዓመት ጠበቁ። በመጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብተው በ1830 መጀመሪያ በትግራይ ገዢ በደጃዝማች ሰባጋዲስ ዘንድ ቀረቡ። ሰባጋዲስ በአክብሮት ተቀበሏቸው። ኩግለር ትግራይ ሲቀሩ ጎባት ወደ ጎንደር ወጡ።

ጎባት በሻንጣቸው የያዙት ነገር ከሰውየው ይልቅ ያስደንቀኛል። ያም በ1824 ለንደን የታተመው የአራቱ ወንጌላት የአማርኛ ትርጉም ነው። የተረጎሙት ፈረንጆች አይደሉም፤ አቡ ሩሚ የሚባሉ፣ አባ አብርሃም ተብለውም የሚጠሩ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው። ካይሮ ተቀምጠው፣ አስለን ደ ሼርቪል በሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን አነሣሽነት፣ ዐሥር ዓመት ያህል ደክመው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱት። ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዙት፤ ከዚያ ወንጌላቱ፣ ቆይቶ አዲስ ኪዳን፣ በ1840 ደግሞ መላው መጽሐፍ ታተመ። እንግዲህ ጎባት ጎንደር ላይ ያከፋፈሉት መጽሐፍ አንድ የአገሩ ልጅ በስደት የደከመበት ሥራ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሲወደሱም ሲወቀሱም አባ አብርሃም ሳይጠሩ መቅረታቸው ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

በጎንደር ያገኟት ቤተ ክርስቲያን ከባድ ሐዘን ላይ ነበረች። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አዲስ አቡን ከግብጽ አልመጣም ነበር፤ የሚመጣውም በ1841 ነው፣ አቡነ ሰላማ። ያለ ጳጳስ ካህን አይሾምም፤ ታቦት አይባረክም። በዚያ ላይ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚከራከሩ ሦስት ወገኖች፣ በቅባት፣ በጸጋና በካራ ተከፋፍለው ይወጋገዙ ነበር። ጎባትም «አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ መጋፈጥ ግድ ሆነባቸው። በዐደባባይ አልሰበኩም። ቤታቸው የሚመጣውን ሁሉ ተቀብለው መጽሐፉን ገልጠው ያነጋግሩ ነበር። ከእጨጌ ፊልጶስ ጋርም ተገናኝተው ተወያይተዋል። ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ክርስቶስ ልደት ተነጋገሩ። በ1834 የታተመው የቀን መዝገባቸው ይህን ሁሉ በዝርዝር ይዟል።

ስለዚያ መዝገብ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የዘመነ መሳፍንትን ጎንደር በዐይኑ አይቶ በየቀኑ የጻፈ ሰው ብርቅ ነውና መዝገቡ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ክርክሩን የሚተርከው ራሱ ተከራካሪው ነው። ሊቃውንቱ አጭር መልስ ሰጥተው ዝም ሲሉ፣ ጎባት ግን ረጅም ንግግር ሲያደርጉ በየገጹ እናያለን። የቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ቤት ሰው እንዲህ በቀላሉ ዝም እንደማይል የሚያውቅ አንባቢ፣ ከዚያ ዝምታ ጀርባ ያልተጻፈ መልስ እንደነበረ ይገባዋል። አንድምታ የተማረ ሰው ለአንድ ኃይለ ቃል አራትና አምስት ትርጉም ይደረድራል፤ ጎባት ደግሞ አንድ ትርጉም ብቻ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ወገኖች አንድ መጽሐፍ ይዘው በሁለት ዓይነት አነባበብ ነበር የተገናኙት።

ያም ሆኖ ጎባት ጎንደር ላይ ጨዋና ትዕግሥተኛ እንግዳ ነበሩ። የማኅበራቸውም ዓላማ በዚያን ጊዜ ምእመናንን ከቤተ ክርስቲያናቸው አውጥቶ ሌላ ማቋቋም አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝቡ ቋንቋ እያነበበች በራሷ ሰዎች እጅ እንድትታደስ ነበር ሐሳቡ። ይህን ልብ ይበሉት፤ በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ ትልቅ ጠብ የሚነሣው በዚሁ ነጥብ ነው።

ከዚያ መከራው ተከታተለ። ኩግለር ጠመንጃ ፈንድቶ በደረሰባቸው ቁስል በ1830 መጨረሻ ዐድዋ ላይ ሞቱ። በየካቲት 1831 ሰባጋዲስ ከራስ ማርዬ ጋር ደብረ ዓባይ ላይ ተዋጉ። ማርዬ በውጊያው ወደቁ፤ ሰባጋዲስ ተማርከው ተገደሉ። ጠባቂያቸውን ያጡት ጎባት በሽብሩ ዘመን በትግራይ ቆይተው ሦስት ዓመት ያህል ከሆነ ቆይታ በኋላ ወደ ግብጽ ተመለሱ። በ1834 ማሪያ ጼለርን አግብተው፣ ከባለቤታቸውና ከኢዘንበርግ ጋር እንደገና ዐድዋ ገቡ። ይህ ሁለተኛው ጉዞ ግን የአልጋ ቁራኛ ሆነው ያሳለፉት ነው፤ በ1836 በጽኑ ሕመም አገሩን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያን ምድር አልረገጡም። ወደ ማልታ ሄደው የመጽሐፍ ቅዱስን የዐረብኛ ትርጉም ሥራ ይመሩ ነበር።

አሁን ወደ ጵጵስናው እንምጣ። በኢየሩሳሌም ካቶሊኮች ፈረንሳይን፣ ኦርቶዶክሶች ሩሲያን ጠባቂ አድርገው ነበር። ፕሮቴስታንቶች ግን በኦቶማን መንግሥት ፊት ስም እንኳ አልነበራቸውም። የጀርመናዊቷ መንግሥት የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም አራተኛ በአማካሪያቸው በቡንዘን በኩል ለእንግሊዝ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁለቱ መንግሥታት በኢየሩሳሌም አንድ የጋራ ጳጳስ ይኑራቸው፣ ጳጳሱን በየተራ ይምረጡ፣ ሢመቱ ግን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይፈጸም የሚል ነበር። ፓርላማው በ1841 ሕግ አወጣ። ፕሩሲያ 15,000 ፓውንድ ሰጠች፤ የጳጳሱ የዓመት ገቢ 1,200 ፓውንድ እንዲሆን ታሰበ። በእንግሊዝ ድርሻ መጀመሪያ የተሾሙት ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር ናቸው፤ በፖዘን ግዛት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው፣ ረቢ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። በኅዳር 1845 ወደ ካይሮ ሲጓዙ በግብጽ በረሃ ድንገት ዐረፉ።

ተራው የፕሩሲያ ሆነ፤ ንጉሡም ጎባትን መረጡ። ለምን እርሳቸውን? ቋንቋ ያውቃሉ፤ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ጋር ኖረዋል፤ የኢትዮጵያ መዝገባቸው በአውሮፓ ስማቸውን አስጠርቷል። ከዐድዋና ከጎንደር ባይመለሱ ኖሮ አንድ የጁራ ገበሬ ልጅን ለዚህ ወንበር የሚያስብ ሰው አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሥርዓቱ ላይ ግን እንቅፋት ነበር። ጎባት የሉተራውያን ሢመት ነበራቸው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንደ እኛው ሦስት የክህነት ማዕርግ ታውቃለች፤ ዲያቆን፣ ቄስ፣ ጳጳስ። ሢመቱ ከጳጳስ እጅ ካልመጣ ለአገልግሎት አታቆመውም። ስለዚህ ጎባት በ1845 ዲቁና፣ በ1846 ቅስና ተቀብለው፣ በሐምሌ 5 ቀን 1846 በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳሳት መኖሪያ በላምበት ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ ሁለተኛው ግማሽ መልስ ይህ ነው፤ በትውልድ ስዊስ፣ በምርጫ የፕሩሲያ፣ በሢመት የእንግሊዝ። ይህ ድብልቅ በእንግሊዝ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ጆን ሄንሪ ኒውማን የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ትተው ካቶሊክ ለመሆናቸው ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የኢየሩሳሌም መንበር መቋቋም ነው።

ጎባት ኢየሩሳሌም የደረሱት በ1846 መጨረሻ ነው። መንበራቸው ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆዩ። የመጀመሪያው ታላቅ ቀን በጥር 21 ቀን 1849 በያፋ በር አጠገብ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የባረኩበት ነው፤ በከተማዋ የመጀመሪያው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እርሱ ነው። የልባቸው ሥራ ግን ትምህርት ቤት ነበር። በጽዮን ተራራ ላይ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አቆሙ፤ በፍልስጥኤም መንደሮችም ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ከጀርመን የመጡ ዲያቆናዊት እኅቶች ከ1851 ጀምረው የሕሙማን ቤትና የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

በጎንደር መጽሐፉን የሚያነብ ቀድሞ ሊቁ ነበር። በናዝሬትና በናብሉስ ግን ጎባት ሕፃኑን ቀድመው አስተማሩት፤ ሕፃኑ ለአባቱ አነበበለት፤ አባቱም ለካህኑ ጥያቄ ይዞ ሄደ። ካህኑ ተቆጣ፤ አንባቢውም ተወገዘና የጎባትን በር አንኳኳ። ጎባት ምን ያድርጉ? መንበሩ ሲቋቋም የገባው ቃል የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን መንጋ ላለመንካት ነበር። እርሳቸውም ራሳቸው በጎንደር ይህንኑ ያምኑ ነበር። አሁን ግን «የተባረረን ሰው በደጅ አልጥልም» ብለው ተቀበሉ። በ1850 ሱልጣኑ ፕሮቴስታንቶችን ራሱን የቻለ ማኅበረሰብ አድርጎ በፈርማን፣ ማለትም በንጉሣዊ ትእዛዝ፣ ሲያውቅ በሩ የበለጠ ተከፈተ። በ1853 በእንግሊዝ ከሺህ በላይ ካህናት «ይህ ጳጳስ የኦርቶዶክሶችን መንጋ ይነጥቃል» ብለው ተቃውሞ ፈረሙ። አራቱ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሊቃነ ጳጳሳት ግን ከጎባት ጎን ቆሙ።

እኔ በዚህ ላይ ሁለት ልብ ነኝ፤ አልደብቅም። የተወገዘን ድኻ መቀበል የጳጳስ ግዴታ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት፣ ገንዘብና የቆንስላ ጥበቃ ያለው እንግዳ አንድ ወገን ቆሞ ሳለ፣ በግብርና በዕዳ የደከመ የመንደር ካህን ሌላ ወገን ቢቆም፣ ሚዛኑ ከመጀመሪያው አልተስተካከለም። ለጎባት የሚመሰክርላቸው ሥራ ግን አለ። በ1871 ሚካኤል ቀዋርንና ሱራፌል ቡታጂን ቀሰሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ዐረብ አንግሊካን ካህናት እነርሱ ናቸው። የዛሬዋ የፍልስጥኤማውያን አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ዘር የበቀለች ናት።

አሁን ወደ መድፉ። ጎባት በኢትዮጵያ ሳሉ አንድ ነገር ታዝበው ነበር፤ ሰባኪ በጥርጣሬ ሲታይ ባለ እጅ በሁሉም በር ይገባል። ከኩግለር ጋር የሄደው አናጢ ለዚህ ምስክር ነበር። በባዝል አጠገብ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቤት ደግሞ ሽፒትለር የሚባሉ ሰው አናጢና አንጥረኛ የሆኑ ወጣቶችን ለወንጌል አገልግሎት ያሠለጥኑ ነበር። ጎባት ከእነዚህ ወደ ኢትዮጵያ ሊልኩ አሰቡ። በ1855 ክራፕፍና ፍላድ መንገድ ሊጠይቁ ሄዱ፤ ቴዎድሮስም ገና ዘውድ መድፋታቸው ነበር። ንጉሡና አቡነ ሰላማ ያሉት ግልጽ ነው፤ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ይምጣ፣ ሕዝቡን ሌላ ሃይማኖት የሚያስተምር ግን አይምጣ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን በ1856 ገቡ፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር በኋላ ተከተሉ። ቫልድማየር የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አገባ።

ጎባት የላኳቸው መጽሐፍ እያከፋፈሉ በእጃቸው እንዲያድሩ ነበር። ቴዎድሮስ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸውና መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ ማፍሰስ አያውቁም ነበር፤ ደጋግመው ወድቀው ተማሩ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል ወጣ። ጠያቂያችን በሦስተኛው መጽሐፍ ያገኙት ስም በዚህ ምክንያት ነው። ንጉሡ በ1863 ሚሲዮናዊውን ሄንሪ ስተርንንና ሌሎችን ካሰሩ በኋላ የጋፋት ሰዎች በንጉሡና በእስረኞቹ መካከል ተወጥረው ቀሩ። በ1866 ፍላድ የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱ ጳውሊና በመያዣነት ቀረች። ነገሩ በሚያዝያ 1868 በመቅደላ አለቀ።

ጎባት ተጠያቂ ናቸው? መድፍ ሠሪ አልላኩም። ቢሆንም ጦር ሜዳ ላይ ለሚኖር ንጉሥ አንጥረኛ የላከ ሰው ብረቱ ማረሻ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር መገመት ነበረበት። የሰባጋዲስን ፍጻሜ ያዩ ሰው፣ በኢትዮጵያ የዚያ ዘመን መኳንንት ከአውሮፓ ምን ይሹ እንደነበር ያውቁ ነበርና በዚህ አልምራቸውም።

ዴር ሱልጣንስ? በ1838 በኢየሩሳሌም በገባው ወረርሽኝ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከሞላ ጎደል አለቁ፤ የገዳሙ ቁልፍ ከእጃቸው ወጣ፤ መጻሕፍታቸው እንደተቃጠሉም ይነገራል። ጎባት ሲሾሙ የቀሩት ጥቂት መነኮሳት በጭንቅ ላይ ነበሩ። በከተማዋ አማርኛቸውን የሚረዳ፣ ጎንደርንና ዐድዋን በስም ሳይሆን በዐይኑ የሚያውቅ ባለሥልጣን እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለ መብታቸው ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ሆነው ተናገሩላቸው። በሌላ ጉዳይ ሁሉ ጎባትና ፊን የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ ለመነኮሳቱ የእንግሊዝን ጥበቃ ሲጠይቁ መንገዱ ይኸው ነበር። ጎባት ይህን ያደረጉት ለኢትዮጵያ ካላቸው ፍቅር ብቻ ነው አልልም፤ የእንግሊዝ ስም እንዲገንንና የወንጌል በር እንዲከፈትም ይሹ ነበር። መነኮሳቱ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ተናጋሪ አልነበራቸውም።

«ወዳጅ ወይስ ጠላት» ላሉት፣ እኔ የምለው ይህን ነው፦ አገሪቱን ወደዱ፤ ሃይማኖቷን ግን እንዳለ አልተቀበሉም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። የኢትዮጵያን መነኮሳት የረዱበት እጅ አማላጅነትን የተከራከረው ያው እጅ ነው። አቡነ ሰላማም በካይሮ በዚያው በእንግሊዝ ማኅበር ትምህርት ቤት ተምረው፣ በኋላ ግን መንጋቸውን ለሚሲዮናውያን አሳልፈው አልሰጡም። ሰው በተማረበት ቤት ተጽፎ አይቀርም።

ጎባት በግንቦት 11 ቀን 1879 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ፤ ባለቤታቸው ማሪያም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። ከእርሳቸው በኋላ ጆሴፍ ባርክሌይ ሁለት ዓመት ብቻ ሠሩ፤ የፕሩሲያና የእንግሊዝ ሽርክናም በ1886 ፈረሰ። መቃብራቸው በጽዮን ተራራ ባለው የፕሮቴስታንቶች መካነ መቃብር፣ በትምህርት ቤታቸው አጠገብ ነው። ለመሳለም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከዴር ሱልጣን ተነሥቶ በጽዮን በር ከወጣ በእግሩ ይደርስበታል።